ወንድ ብቻ፣ ሴት ብቻ ወይስ ቅልቅል? ለቤት ገንዳ የጋፒ ዓሣ አመራረጥ

ለቤት ገንዳ ጋፒ ልትገዙ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ ጥንድ ነው። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ለዓይን ያምራል፤ ፍትሐዊም ይመስላል። ለዓሣዎቹ ግን ካሉት ምርጫዎች ሁሉ የባሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ሳላወዳድረው ከወዲሁ ከዝርዝሩ ላውጣው።

ምክንያቱ የወንዱ ጠባይ ነው። መብራት ከበራ እስኪጠፋ ሥራው ሁለት ነው፤ መብላትና ሴት መከተል። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ከሴቷ ፊት ይመጣና ገላውን ያጎብጣል፤ ጭራውንና ክንፎቹን ዘርግቶ ይንቀጠቀጣል። ይህ ማሽኮርመሙ ነው። ፊቷን አዙራ ከሄደች ሌላ ዘዴ አለው። ከኋላዋ በስተታች ይጠጋል፤ ከሆዱ ሥር ያለችውን ቀጭን፣ ሹል ክንፍ ወደ ፊት መለስ ያደርግና በድንገት ሊገናኛት ይሞክራል። ነገሩ በአፍታ ያልቃል። ካልተሳካለት ይደግማል። እንደገና ይደግማል። ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች ይህ ሁሉ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው።

የጋፒ አገሩ ትሪኒዳድና የደቡብ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ነው። በትሪኒዳድ ወንዞች ጋፒን ያጠኑ ተመራማሪዎች ወንድ የሚያሳድዳት ሴት ለመብላት የሚተርፋት ጊዜ እንደሚቀንስ አይተዋል። በወንዝ ግን መሸሻ አላት። በ40 ሊትር መስታወት ውስጥ የት ትሂድ?

ጥንድን እዚህ ላይ እንተወውና የሚያዋጡትን አራት አማራጮች እንይ። ወንድ ብቻ፣ ሴት ብቻ፣ በልክ የተቀላቀሉ፣ እና በሁለት ገንዳ የተለዩ።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ሰላማቸው። ማንኛውም ዓሣ ሳይሳደድ መብላትና ማረፍ መቻል አለበት። ይህ ካልተሟላ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ የጫጩት ብዛት። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ እንቆይበት። ጋፒ እንቁላል አይጥልም። ሴቷ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል አርግዛ የሚዋኙ ጫጩቶችን ትወልዳለች። ወጣቷ ጥቂት ትወልዳለች፤ ትልቋ 30 እና 50፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ። በ28 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እርግዝናው ያጥራል፤ በ23 ይረዝማል። እስቲ እናስላው። ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 30 ቢወልዱ በአንድ ወር 90 ጫጩት አለ ማለት ነው። ከእነዚህ የተረፉት ሴቶች በ3 ወር ገደማ ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። «ለልጆች ማሳያ ጥቂት ቢወለዱ ምን አለበት» ብሎ የጀመረ ሰው ከዓመት በኋላ ዓሣ የሚቀበለው ሰው ሲለምን ታገኙታላችሁ።

ሌሎቹ መመዘኛዎች አጭር ናቸው። ውበት፦ ደማቅ ቀለምና ረጅም ጭራ ያለው ወንዱ ነው። ወጪና ቦታ፦ ስንት ገንዳ፣ ስንት ፊልተር፣ ስንት ማሞቂያ? ሥራ፦ ሳምንታዊው የውሃ ቅያሬ ለሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጫጩት መለየትና ማሳደግ ነው።

ወንዱን ከሴቷ ለመለየት

ሴቷ ትበልጣለች፤ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ትደርሳለች። ወንዱ ቀጭን ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በመጠን ብቻ አትፍረዱ፤ ያላደገች ሴት ወንድ ልትመስል ትችላለች። ከሆዳቸው ሥር ያለችውን ክንፍ እዩ። የሴቷ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋች ናት። የወንዱ ጠባብና ሹል ናት። ሴቷ በተጨማሪ ከሆዷ ጫፍ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አላት፤ ስታረግዝ እየሰፋና እየጠቆረ ይሄዳል። ሻጩ «ወንድ ነው» ቢላችሁም ራሳችሁ አይታችሁ ግዙ። ከስድስት ወንዶች መካከል ሳይታወቅ የገባች አንዲት ሴት የጥንዱን ችግር ስድስት እጥፍ ታደርገዋለች።

ወንድ ብቻ

አንድ ገንዳ ብቻ ላለው ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ጫጩት የለም። ቁጥራቸው አይለዋወጥም። ሁሉም ባለ ቀለም ናቸው፤ ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ያምራል። 40 ሊትር ውሃ በሚይዝ ገንዳ ከ6 እስከ 8 ወንድ በምቾት ይኖራሉ።

አይጣሉም ወይ? ይገፋፋሉ። አንዱ ሌላውን ያሳድዳል፤ ክንፍ ዘርግቶ ይፎክርበታል። ሴት ከሌለች ማሽኮርመሙን እርስ በርሳቸው ላይ ሲሞክሩትም ታያላችሁ። አትደንግጡ። ዋናው ነገር ጫናው ለብዙ መከፋፈሉ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ወንድ ብቻ ካስቀመጣችሁ ጉልበተኛው አንዱን ለይቶ ይይዘዋል። ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን የሚያሳድደው ይለዋወጣል፤ አንዱ ብቻውን አይጎዳም።

የሚያግዙ ነገሮች አሉ። በአንድ ጊዜ ግዟቸው፤ በዕድሜ የሚቀራረቡ ቢሆኑ ይመረጣል፤ አብረው ያደጉ ከሆኑ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ጭራው እጅግ የረዘመ ዓይነት ከአጭር ጭራና ፈጣን ወንዶች ጋር አይቀላቀል፤ እሱ ቀስ ብሎ ይዋኛል፣ ጭራውንም ይነጩታል። ገንዳውን ባዶ ሜዳ አታድርጉት። ቅጠሉ የበዛ ተክልና ጥቂት ድንጋይ የዓሣዎቹን እይታ ይሰብራል። አሳዳጁ ያላየውን አያሳድድም።

ድክመቱ አንድ ነው። መውለድንና ማደግን ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ገንዳ አይሆንም።

ሴት ብቻ

ጸጥ ያለ ገንዳ ነው። ሴቶቹ በመጠን ትልልቅ ናቸው፤ እርጋታ አላቸው፤ ምግብ ሲጣል ተሰብስበው ይመጣሉ። በመካከላቸው ተራ መያዝ አለ፤ ትልቋ ቀድማ ትበላለች። ክፉ ጥል ግን ብዙም አይታይም። ቀለማቸው እንደ ወንዱ አይደምቅም። አሁን አሁን ጭራቸው ቀለም ያለው ሴቶችም እየተገኙ ነው።

ይህን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ግን አለ። ከሱቅ የገዛችኋት ያደገች ሴት ከወንዶች ጋር አብራ ቆይታለች። አርግዛ ነው የምትመጣው ብላችሁ ውሰዱት። ከዚህም በላይ ሴት ጋፒ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለወራት ማቆየት ትችላለች። ወንድ በሌለበት ገንዳ ትወልዳለች፤ ከወር በኋላም ትወልዳለች፤ እንደገናም ትወልዳለች። «ሴት ብቻ ነው የገዛሁት፣ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ከተወለዱት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። በጊዜው ካልለያችኋቸው ከእናታቸውም ከእህቶቻቸውም ጋር ይራባሉ። የሴት ብቻ ገንዳ በእውነት የሴት ብቻ የሚሆነው ወይ ጫጩት እያሉ ተለይተው ያደጉ ሴቶች ስታገኙ ነው፣ ወይ ለብዙ ወራት ወንድ ወንዱን ሳትሰለቹ ስታወጡ ነው።

ቅልቅል፦ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት

በየመመሪያው የምታገኙት ምክር ይህ ነው። ምክሩ ልክ ነው። የወንዱ ትኩረት ለብዙ ስለሚከፋፈል እያንዳንዷ ሴት ፋታ ታገኛለች። እኔ ከሁለት ሦስትን እመርጣለሁ። ከሦስቱ አንዷ በቅርቡ የወለደች ብትሆን ወንዱ እሷ ላይ ያተኩራል፤ ሴት ጋፒ ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ወንዱን ይበልጥ ትስበዋለችና። ያኔ ቁጥሩ ሦስት ቢሆንም ጫናው የአንዷ ነው። ስለዚህ ለቅልቅል ገንዳ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ግዴታ ነው።

ብዙ መመሪያ የሚዘለው ነገር ደግሞ አለ። ይህ ምጣኔ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀመጥ አይደለም። የጋፒን ፆታ በዋናነት የሚወስነው እንደ ሰው የኤክስና የዋይ ክሮሞዞም ነው። ስለዚህ ጫጩቶቹ ወንድና ሴት እኩል ለእኩል ይሆናሉ። ዛሬ 1 ወንድና 3 ሴት ብላችሁ ትጀምራላችሁ። በ3 ወር ውስጥ 10 ጫጩት ቢያድግ 6 ወንድና 8 ሴት ይሆናል። ሌላ 3 ወር ቆይታችሁ ስትቆጥሩ እኩል ለእኩል ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የሸሻችሁት ጥንድ በብዛት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ቅልቅልን የሚመርጥ ሰው ወጣት ወንዶችን በየጊዜው እያወጣ የሚሰጠው ሰው ወይም ሁለተኛ ገንዳ ሊኖረው ይገባል።

ቁጥሩን በተፈጥሮ መያዝም ይቻላል። ትልልቆቹ ጋፒዎች ጫጩት ይበላሉ፤ የራሳቸውንም። ውሃው ላይ ተንሳፋፊ ተክል ከበዛ ብዙ ጫጩት ይተርፋል፤ ከሳሳ ጥቂት ይተርፋል። ይህን መስማት የሚከብደው ሰው ካለ ከአሁኑ ወንድ ብቻ ይግዛ፤ እውነቴን ነው። ለወላድ ተብላ የምትሸጠውን ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ግን አልወዳትም። ሴቷን ለቀናት ጠባብ ቦታ ማሰር ራሱ ጭንቀት ነው። የጃቫ ሞስ ጥቅል ወይም ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ለጫጩቶቹ የተሻለ መሸሸጊያ ነው።

ሁለት ገንዳ፦ ወንዱም ሴቷም ለየብቻ

የቀለም ዘር ለሚያራባ ሰው ሌላ መንገድ የለም። ማን ከማን እንደሚገናኝ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የመረጣችሁትን ወንድ ለጥቂት ቀን ወደ ሴቶቹ አስገብታችሁ ታወጡታላችሁ። ሦስተኛ ትንሽ ገንዳ ለጫጩቶች ካለ ሥራው ይቀላል።

ጭንቁ ያለው ጫጩት መለየቱ ላይ ነው። ከ3ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሴቶቹ ጥቁር ነጠብጣብና የወንዶቹ የምትሾል ክንፍ መታየት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥሩ ብርሃን ላይ እየተመለከታችሁ ለዩ። ወንዶች በ2 ወር ገደማ ለመራባት ይደርሳሉ፤ አንዳንዱ ቀደም ይላል። አንድ ወንድ ከተዘነጋ የዚያ ገንዳ ሴቶች ሁሉ አርግዘዋል ብላችሁ ተነሱ፤ ዘሩ ለወራት ስለሚቆይ ልፋታችሁ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ወጪ ለመቀነስ አንዱን ገንዳ በመረብ ወይም በመስታወት ለሁለት የሚከፍሉ አሉ። ለጊዜያዊ ማረፊያ ይሆናል። ለዘር ሥራ ግን አላምነውም። መከፈያው ትንሽ ከተላቀቀ ወይም አንዱ በላይ ከዘለለ ለመገናኘት ከአፍታ በላይ አያስፈልጋቸውም።

ጥፋቱ የወንዱ ነው ወይስ የውሃው?

የዓሣ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ለዩ። ጤናማ ማሳደድ አጭር ነው፤ ሴቷ ጥቂት ሸሽታ ተመልሳ ትበላለች። ችግር ያለበት ማሳደድ ሲሆን ሴቷ ከፊልተሩ ጀርባ ወይም ከላይ ጥግ ላይ ትደበቃለች፤ ክንፎቿን ወደ ገላዋ ትሰበስባለች፤ ምግብ ሲጣል አትመጣም፤ ጭራዋ የተበላ ይመስላል። ይህ ሲታይ ወንዱን በዚያው ቀን አውጡት።

ወንዱም ሴቷም፣ ሁሉም በአንድ ላይ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ የሚያጣጥሩ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማንም ዓሣ አይደለም። ውሃው ነው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። አዲስ ገንዳ ይህን የሚያጣራው ባክቴሪያ እስኪለማ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ዓሣ የጨመረ ሰው ሟቾቹን «ተጣልተው ነው» ብሎ ያስባል።

ጋፒ ጠንከር ያለ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ውሃ ይወዳል፤ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልኬት) ከ7 እስከ 8፣ ሙቀት ከ23 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከአንድ ምንጭ አይመጣም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦችም፣ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ይመጣል። ሌላ ሰፈር ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ልኬት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል፤ በመለኪያ ወረቀት ራሳችሁ ለኩ። ክሎሪኑን ክዳን በሌለው ባልዲ አሳድሮ ማስወጣት ይቻላል። ዋሽንግተን ዲሲን በመሳሰሉ የአሜሪካ ከተሞች ያላችሁ ግን ውሃችሁ ውስጥ በአብዛኛው ያለው ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት) ነው፤ በማሳደር አይወጣም፤ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጥ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሌሊቱን ብርድ አትርሱ። ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሞቂያ ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት።

በአጭሩ

| አማራጭ | ሰላም | ጫጩት | ውበት | ገንዳ | ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|
| ወንድ ብቻ (6 እና ከዚያ በላይ) | ጥሩ | የለም | በጣም ደማቅ | 1፣ ከ40 ሊትር ጀምሮ | ትንሽ |
| ሴት ብቻ | በጣም ጥሩ | ለመጀመሪያዎቹ ወራት አለ | መካከለኛ | 1፣ ከ60 ሊትር ጀምሮ ቢሆን | መጀመሪያ ብዙ፣ በኋላ ትንሽ |
| 1 ወንድ ለ3 ሴት | መካከለኛ፣ ተክል ይፈልጋል | ብዙ፣ በየወሩ | ደማቅ | 1 ትልቅ፣ ወይም 1 እና ማቆያ | የማያቋርጥ |
| የተለዩ ገንዳዎች | በጣም ጥሩ | በእናንተ ውሳኔ | እንደ ዘሩ | 2 ወይም 3 | ከሁሉም የበዛ |
| ጥንድ (1 ለ1) | መጥፎ | ብዙ | መካከለኛ | 1 | ብዙ |

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጀምሩና በጀታችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ስድስት ወንድ ግዙ። ገንዘብ ከተረፋችሁ ሰባተኛ ዓሣ አትግዙበት፤ የተሻለ ፊልተርና ተክል ግዙበት።

ልጆቻችሁ ጫጩት ሲወለድ እንዲያዩ ከፈለጋችሁ ወንድ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ከወንዶች ጋር የቆዩ ሦስት ሴቶች ብቻ ውሰዱ። ሳይሳደዱ ይወልዱላችኋል። ወጣት ወንዶቹን በጊዜው ካወጣችሁ መውለዱ ከወራት በኋላ በራሱ ይቆማል። ለዚህ ዓላማ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላውቅም።

ሥራ የሚበዛባችሁና ብዙ ቀን ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ከቅልቅል ራቁ። ጫጩት ቀጠሮ አይጠብቅም።

ቦታውም ጊዜውም ያላችሁ፣ የራሳችሁን ቀለም ማውጣት የምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ገንዳ ሳትይዙ አትጀምሩ። በአንድ ገንዳ ጀምሮ «በኋላ እገዛለሁ» ማለት አይሠራም፤ ሁለተኛው እስኪመጣ ዘሩ ይደባለቃል።

ጥንዱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሁለት መውጫ አለ። ርካሹ ወንዱን መልሶ ወይም ለሌላ ሰጥቶ ሴቷን ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ማኖር ነው። ሁለተኛው ሁለት ሴት መጨመር ነው፤ ይህ የጫጩቱን ጣጣ እንደሚያመጣ አውቃችሁ። የተረፈ ጫጩት ግን በምንም ዓይነት ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ አይለቀቅ። ጋፒ ከአገሩ ውጭ በገባባቸው ብዙ አገሮች ውኃዎች ተባዝቶ የአካባቢውን ፍጥረት ሲጫን ታይቷል። ከዓሣ ሻጭ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ያደጉ ወንዶችን በደስታ የሚቀበል አይጠፋም።

አዲስ ዓሣ ስትጨምሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው አቆዩትና ጤናውን እዩ። ከዚያ መብራት አጥፍታችሁ፣ ድንጋይና ተክሉን ቦታ ቀያይራችሁ አስገቡት። ነባሮቹ «ይህ ጥግ የኔ ነው» የሚሉት ቦታ ሲጠፋ እንግዳውን የሚያሳድድ ይቀንሳል። በማግሥቱ ጠዋት ምግብ ስትጥሉ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ቁጠሩ። የቀረ ካለ ከፊልተሩ ጀርባ ፈልጉት።